ካርዱና ሰዓቱ፦ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ባለሙያ ፈቃድ ከየት መጣ?

በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የሥራ ነገር ሲነሣ የሚጠሩት ሥራዎች የታወቁ ናቸው፤ የአረጋውያን እንክብካቤ፣ የሕፃናት ማቆያ፣ ሆቴል፣ ፓርኪንግ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አንድ ሌላ ስም ተጨምሯል፤ «ኤችቫክ»። ቤትንና ሕንጻን የሚያሞቁ፣ የሚያቀዘቅዙና አየር የሚያዘዋውሩ መሣሪያዎችን የመግጠምና የመጠገን ሙያ ማለት ነው። በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ ይህ ሥራ በብርዱም በሙቀቱም አይጠፋም፤ በጃንዋሪ ፈርነሱ ይበላሻል፣ በጁላይ ኤሲው ይቆማል። ስለዚህ እኅቶች «ላይሰንሱ እንዴት ይገኛል? ስንት ጊዜ ይፈጃል? ሴትስ ይቀጥራሉ ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ።

ለእነዚህ ጥያቄዎች አጭር መልስ መስጠት ይቻላል። ነገር ግን ፈቃዱ ከየት እንደመጣ ያላወቀች ሴት የትኛው በር ሰፊ፣ የትኛው ጠባብ እንደሆነ ሳትለይ ገንዘቧንም ጊዜዋንም ታባክናለች። ለዚህ ነው ታሪኩን ከመጀመሪያው ማየት የሚጠቅመው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰው ከሞተ በኋላ የተጻፈ ሕግ

በ1905 ማርች 20 ቀን ጠዋት፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ብሮክተን በምትባል ከተማ የአንድ ጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈነዳ። ቦይለር ውኃ አፍልቶ በእንፋሎቱ ሕንጻ የሚያሞቅ፣ ማሽንም የሚያንቀሳቅስ ትልቅ የብረት ጋን ነው። የዚያን ዕለት ሥራ ላይ የዋለው በመጠባበቂያነት ተቀምጦ የነበረው አሮጌው ቦይለር ነበር። ወለሉንና ጣራውን በስቶ ወጣ፤ ሕንጻው ተደረመሰ፣ እሳት ተነሣ፣ 58 ሰዎች ሞቱ።

በዚያ ዘመን የቦይለር ፍንዳታ በአሜሪካ ተደጋግሞ የሚሰማ ወሬ ነበር። ከብሮክተን አደጋ በኋላ ግን ማሳቹሴትስ በ1907 ቦይለር እንዴት መሠራት እንዳለበት የሚደነግግ ሕግ አወጣች። የአሜሪካ ሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበርም ተከትሎ የመጀመሪያውን የቦይለር ደንብ በ1914 አዘጋጀ። ያ ደንብ እየታደሰ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ይህን ታሪክ ያስቀደምሁት የዚህ ሙያ ደንቦች አመጣጥ በአብዛኛው እንዲህ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ሰው ይጎዳል፤ ከዚያ «ይህን ነገር ማንም እንዳሻው አይንካው» ይባላል። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአገራችን በብርድ ሌሊት የከሰል ምድጃ ቤት አስገብቶ፣ በር ዘግቶ መተኛት ስንቱን ቤተሰብ እንደጨረሰ እናውቃለን። ገዳዩ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። እዚህ በምድር ቤት የተቀመጠው የጋዝ ፈርነስም ውስጡ እሳት ነው፤ ያን እሳት ከምንተነፍሰው አየር የሚለየው አንድ ስስ የብረት ግድግዳ ነው። ብረቱ ሲሰነጠቅ ወይም የጭስ መውጫው ሲደፈን ያ የከሰል ምድጃ ቤት ገባ ማለት ነው። ፈርነስ የሚመረምረው ሰው ሙያውን ማወቁ የሚረጋገጠው ለዚህ ነው።

ማቀዝቀዣው መጀመሪያ ለወረቀት ነበር

የዛሬው ኤሲ የተወለደው ለሰው ምቾት ተብሎ አልነበረም። በ1902 በኒው ዮርክ ብሩክሊን የሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት ችግር ገጥሞት ነበር። የቀለም ሥዕል ሲታተም ወረቀቱ በማሽኑ ውስጥ ደጋግሞ ያልፋል፤ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ጊዜ። አየሩ እርጥበት ሲበዛበት ወረቀቱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ስለዚህ ቀለሞቹ አይገጣጠሙም። ዊሊስ ካሪየር የተባለ የ25 ዓመት መሐንዲስ ቀዝቃዛ ቱቦ ላይ አየር በማሳለፍ እርጥበቱን የሚቀንስ መሣሪያ ነደፈ። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ላብ እንደሚያወጣው ሁሉ በአየሩ ውስጥ ያለው ውኃ በቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። አየሩ ደረቀ፤ ቀዘቀዘም።

ካሪየር በ1906 የፈጠራ መብት አገኘ፣ በ1915 ከጓደኞቹ ጋር ኩባንያ አቋቋመ። በ1925 በኒው ዮርክ ታይምስ ስኩዌር የሚገኘው ሪቮሊ ቲያትር ማቀዝቀዣውን ሲያስገባ ሕዝቡ በበጋ ሙቀት ፊልም ለማየትም ለመቀዝቀዝም ይጎርፍ ጀመር። ከዚያ በኋላ ማቀዝቀዣ ወደ ሱቁ፣ ወደ ቢሮውና ወደ መኖሪያ ቤቱ ገባ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሴቶች የሉም ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በ1919 ዲሴምበር 23 ቀን በኒው ጀርዚ ሞሪስታውን ከተማ ትኖር የነበረች አሊስ ፓርከር የተባለች ሴት በጋዝ ለሚሠራ የቤት ማሞቂያ ንድፍ የፈጠራ መብት ተሰጣት። እንጨትና ድንጋይ ከሰል ከመሸከም ይልቅ በጋዝ አየር አሙቆ፣ በቱቦ ወደ የክፍሉ መላክና የየክፍሉን ሙቀት ለየብቻ መቆጣጠር የሚል ሐሳብ ነበር። ያን ጊዜ የአሜሪካ ሴቶች በሕገ መንግሥቱ ማሻሻያ የመምረጥ መብት ለማግኘት ገና ወራት ይቀራቸው ነበር። ማርጋሬት ኢንግልስ ደግሞ በ1916 ከኬንተኪ ዩኒቨርሲቲ በሜካኒካል ምሕንድስና የተመረቀች የመጀመሪያዋ ሴት ሆና በካሪየር ኩባንያ ሠርታለች። ሰው ሙቀት የሚሰማው በቴርሞሜትሩ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በእርጥበቱና በአየሩ እንቅስቃሴም ጭምር መሆኑን ከሚያጠኑት አንዷ ነበረች። የካሪየርን የሕይወት ታሪክ በ1952 የጻፈችውም እሷ ናት።

ስለዚህ ሴቶች በንድፉ ጠረጴዛ ዙሪያ ነበሩ። ያልነበሩት መፍቻ ተሸክመው ጣራ ላይ ከሚወጡት መካከል ነው። ለምን እንዳልነበሩ ወደ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

የሚመርዝ ጋዝ፣ ከዚያም «የማይጎዳ» ጋዝ

ማቀዝቀዣ ብርድ አይፈጥርም፤ ሙቀትን ከአንድ ቦታ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ያጓጉዛል። ማጓጓዣው በቱቦ ውስጥ የሚዞረው ጋዝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለዚህ ያገለግሉ የነበሩት አሞኒያ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ሜቲል ክሎራይድ ናቸው። ሦስቱም መርዝ ናቸው። ቱቦው ካፈሰሰ ቤተሰብ በእንቅልፉ ሊሞት ይችላል። በ1920ዎቹ በበርሊን አንድ ቤተሰብ ከማቀዝቀዣ ባፈሰሰ ጋዝ ማለቁን በጋዜጣ ያነበበው አልበርት አንስታይን ከሊዮ ዚላርድ ጋር ሆኖ የማያፈስ ማቀዝቀዣ እስከ መንደፍ ደርሷል።

መፍትሔ ተገኘ የተባለው ግን ከአሜሪካ ነው። ቶማስ ሚጅሊ የተባለው ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር የማይመርዝ፣ የማይቃጠል ጋዝ አገኘ፤ ፍሪዮን የሚለውን የንግድ ስም አገኘ። በ1930 ሚጅሊ በኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ጋዙን ወደ ሳንባው ስቦ ሻማ ላይ ተነፈሰበትና ሻማውን አጠፋ። አንድ ትንፋሽ ጋዙ እንደማይገድልም እንደማይነድም አሳየ።

ከዚያ በኋላ ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ያህል የማቀዝቀዣ ሠራተኛ ጋዝ መልቀቅ ምንም አልመሰለውም። መሣሪያ ሲጠግን ቫልቩን ከፍቶ ያለውን ጋዝ ወደ አየር ይለቀዋል፣ ሲጨርስ አዲስ ይሞላል። ጋዙ ርካሽ ነው፤ ሰው አይጎዳም። ማን ምን ይለዋል?

ሰማዩ ላይ የታየው ቀዳዳ

በ1974 ማሪዮ ሞሊና እና ሼርውድ ሮውላንድ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ያ የተለቀቀ ጋዝ የት እንደሚሄድ ጠየቁ። መልሳቸው አስደንጋጭ ነበር። ጋዙ ሳይበላሽ ወደ ላይኛው ከባቢ አየር ይወጣል፣ በዚያ በፀሐይ ጨረር ይሰበራል፣ ከውስጡ የሚወጣው ክሎሪን የኦዞንን ንጣፍ ይበላል። ኦዞን ጎጂውን የፀሐይ ጨረር የሚከለክልልን መጋረጃ ነው፤ ሲሳሳ የቆዳ ካንሰርና የዓይን ሞራ ይበዛል። በ1985 የብሪታንያ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ኦዞኑ በየፀደዩ ክፉኛ እየሳሳ መሆኑን አሳወቁ። በተከታዩ ዓመት የ30 ዓመቷ ሱዛን ሶሎሞን የአሜሪካን የጥናት ቡድን መርታ ወደ አንታርክቲካ ሄደች፤ የቡድኗ ልኬትም ጥፋቱ ሰው ከሠራው ጋዝ የመጣ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ ተመለሰ።

መንግሥታት ከዚያ በኋላ ብዙ አልዘገዩም። በ1987 ሴፕቴምበር 16 ቀን የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ፤ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች በሙሉ ተቀብለውታል። የአሜሪካ ኮንግረስም በ1990 የንጹሕ አየር ሕጉን አሻሻለ። ከተጨመሩት ክፍሎች አንዱ ቁጥሩ 608 ነው። እኅቶች «ሲክስ ኦ ኤይት» እያሉ የሚጠሩት ካርድ ስሙን ያገኘው ከዚህ የሕግ ክፍል ነው። ከ1992 ጁላይ ጀምሮ እነዚህን ጋዞች ሆን ብሎ ወደ አየር መልቀቅ ወንጀል ሆነ፤ ሠራተኛው ጋዙን በልዩ ማሽን ስቦ በሲሊንደር ማጠራቀም ግድ ሆነበት። ከ1994 ኖቬምበር 14 ጀምሮ ደግሞ ፈተና አልፎ የምስክር ወረቀት ያልያዘ ሰው ጋዝ ያለበትን የመሣሪያውን ክፍል መክፈትም ሆነ ጋዙን መግዛት ተከለከለ።

ካርዱ

የ608 ፈተና አራት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ 25 ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ሁሉም የሚፈተነው ጠቅላላ ክፍል ነው፤ ስለ ኦዞን፣ ስለ ሕጉና ስለ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የቀሩት ሦስቱ በመሣሪያ ዓይነት የተከፈሉ ናቸው። አንደኛው ዓይነት እንደ ቤት ፍሪጅና የመስኮት ኤሲ ያሉ፣ ከ5 ፓውንድ ያልበለጠ ጋዝ የያዙ ትንንሽ ዕቃዎችን ይመለከታል። ሁለተኛው ከፍተኛ ግፊት ያላቸውን ነው፤ የቤት ማዕከላዊ ኤሲ እዚህ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛው በትልልቅ ሕንጻዎች ያሉትን ዝቅተኛ ግፊት ያላቸው ማሽኖች ነው። ሁሉንም ያለፈ ሰው «ዩኒቨርሳል» የሚባለውን ይይዛል። ከእያንዳንዱ ክፍል 18 ጥያቄ የመለሰ ያልፋል። ካርዱ አንዴ ከተገኘ የአገልግሎት ዘመኑ አያልቅም።

ይህ ፈተና ለእኛ ጥሩ ነገር አለው። የማን ልጅ እንደሆንሽ፣ አጎትሽ ማን እንደሆነ፣ ስንት ኪሎ እንደምታነሺ አይጠይቅም። በአግባቡ ላጠና ሰው በሳምንታት ዝግጅት የሚደረስበት ነው።

ነገር ግን ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የ608 ካርድ የፌዴራል ምስክር ወረቀት እንጂ የግዛት የሙያ ፈቃድ አይደለም። ጋዝ ለመንካት ይፈቅድልሻል፤ በራስሽ ስም ደንበኛ ቤት ሄደሽ ውል ተዋውለሽ ማሞቂያ እንድትገጥሚ አይፈቅድም። አንዳንድ አጭር ኮርስ የሚሸጡ ሰዎች ሁለቱን አንድ አስመስለው ያወራሉና ገንዘብ ከመክፈል በፊት «ይህ ትምህርት የሚያበቃኝ ለየትኛው ወረቀት ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሰዓቱ

የግዛት ፈቃድ የሚገኘው በሰዓት ነው። በሜሪላንድ ሦስት ደረጃዎች አሉ፤ ተለማማጅ፣ ጆርኒ እና ማስተር። ተለማማጇ ራሷ የተለማማጅነት ፈቃድ አውጥታ በማስተር ሥር ሦስት ዓመት ትሠራለች፣ ከዚያ ለጆርኒ ትፈተናለች። በቨርጂኒያ የተለመደው መንገድ አራት ዓመት የሥራ ልምድና 240 ሰዓት የክፍል ትምህርት ነው። ደንቦች ስለሚሻሻሉ ከመጀመር በፊት ከግዛቱ የፈቃድ ቦርድ ማረጋገጥ ይገባል። መሠረቱ ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፤ ፈቃድ ያለው ሰው አብራው እንደሠራች ካልመሰከረላት ፈተናው በር ላይ አትደርስም።

እንግዲህ ጠባቡ በር ይህ ነው። ሰዓት በገንዘብ አይገዛም፣ በጥናትም አይገኝም፤ የሚሰጠው ቀጣሪ ነው። በዚህ ሙያ ደግሞ ለብዙ ዘመን ቀጣሪው ሥራውን የሚያስተምረው ልጁን፣ የወንድሙን ልጅ ወይም የጎረቤቱን ልጅ ነበር። ፓርከርና ኢንግልስ በወረቀትና በእርሳስ የደረሱበት ቦታ መፍቻ ለያዙ ሴቶች የተዘጋው በዚህ ምክንያት ነው። አገልጋይ ደብተሩን ቢያነብም ከመሪጌታው እግር ሥር ሳይቀመጥ ዜማ አይዘልቀውም፤ ይህም ሙያ እንደዚያው ነው። ጥያቄው መሪጌታው ማንን ያስቀምጣል የሚለው ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ይህን ጉዳይ ሳያየው አልቀረም። በ1937 የወጣው የተለማማጅነት ሕግ የሥልጠናውን መስፈርት መንግሥት እንዲከታተል አደረገ፤ ስለ ሴቶች ግን የተለየ ነገር አላለም። በ1978 የሥራ ሚኒስቴር ተለማማጅ የሚቀበሉ ፕሮግራሞች ሴቶችን እንዲፈልጉና ግብ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። የፌዴራል ገንዘብ ለሚወስዱ የግንባታ ተቋራጮችም የሴቶች ድርሻ ደረጃ በደረጃ ከመቶ 6.9 እንዲደርስ ግብ ተቀመጠ። በ1992 ደግሞ ሴቶች ባልተለመዱባቸው ሙያዎች ገብተው እንዲለማመዱ ለሚረዱ ድርጅቶች ድጎማ የሚሰጥ ሕግ ወጣ። እንዲህም ሆኖ ከአርባ ዓመት በላይ በኋላ በማሞቂያና በማቀዝቀዣ ሙያ ያሉት ሴቶች ቁጥር ዛሬም ከዚያ 6.9 በታች ነው። የተቋራጮቹ ግብ የቆመበት የፕሬዚዳንት ትእዛዝም በ2025 ጃንዋሪ ተሽሯል። ከእንግዲህ ቀጣሪውን በር እንዲከፍት የሚገፋው ሌላ ነገር መሆን አለበት ማለት ነው።

ሁሉም እንደገና የሚማርበት ጊዜ

ያ ሌላ ነገር አሁን እየመጣ ይመስለኛል። በኦዞን ምክንያት አር-22 የሚባለውን ጋዝ ማምረትና ከውጭ ማስገባት በአሜሪካ ከ2020 ጀምሮ ቆሟል። በምትኩ የገባው አር-410ኤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ነገር ግን ምድርን በማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ2,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ በ2016 በሩዋንዳ ዋና ከተማ ኪጋሊ አገሮች ተሰብስበው እንደዚህ ያሉት ጋዞችም ቀስ በቀስ እንዲቀነሱ ተስማሙ። የአሜሪካ ኮንግረስም በ2020 መጨረሻ ይህንኑ የሚያስፈጽም ሕግ አወጣ። ከ2025 ጀምሮ ለቤት የሚመረቱ አዳዲስ ኤሲዎች እንደ አር-32 እና አር-454ቢ ባሉ ጋዞች እየሠሩ ነው። እነዚህ ምድርን የማሞቅ ኃይላቸው በጣም ያነሰ ነው፤ ግን በመጠኑ ይቃጠላሉ። ስለዚህ የማፍሰስ መመርመሪያውም፣ ጋዝ መሳቢያው ማሽንም፣ የጥንቃቄ ልማዱም እየተለወጠ ነው።

ሠላሳ ዓመት የሠራው ባለሙያ ዛሬ እንደገና ክፍል ገብቶ ይማራል። የድሮ ልምዱ ያግዘዋል፤ አዲሱን ጋዝ በተመለከተ ግን ከጀማሪዋ ብዙ አይርቅም። ከአያት የወረሱት ዕውቀት ብቻውን የማይበቃበት እንዲህ ያለ ጊዜ በዚህ ሙያ ውስጥ ደጋግሞ አይመጣም።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ደጋፊዎቻችን ለሥልጠና የሚሰጡት ገንዘብ የፈተና ክፍያና የኮርስ ዋጋ ሲሸፍን ቆይቷል፤ እናመሰግናለን። ታሪኩ የሚያሳየን ግን እኅቶች የሚቀሩት በፈተናው ሳይሆን በሰዓቱ ላይ መሆኑን ነው። ካርዱን ይዘው ስልክ ሲደውሉ «ልምድ አለሽ?» ይባላሉ፤ ልምዱን የሚሰጥ የለም። በዚያ ላይ ሥራው ማለዳ 12 ሰዓት ይጀምራል፤ የሕፃናት ማቆያው ግን ገና አልተከፈተም። የመጀመሪያው ዓመት የተለማማጅ ደመወዝ ዝቅተኛ ነው፤ የእጅ መሣሪያውን ደግሞ ብዙ ጊዜ ሠራተኛዋ ራሷ ትገዛለች። ስለዚህ እርዳታው ከፈተናው ቀን በኋላ ላለው አንድ ዓመት ቢዘልቅ፣ ለመሣሪያ ብድርና ለማለዳ ልጅ ጥበቃ ቢውል፣ ፍሬው የበለጠ ይታያል።

ለአባላት ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ገንዘብም አይጠይቅም። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በዲሲ ያሉት ምግብ ቤቶቻችን፣ እንጀራ ቤቶቻችንና ግሮሰሪዎቻችን ሁሉ ማቀዝቀዣ አላቸው። አብያተ ክርስቲያናቱና መስጊዶቹም ማሞቂያ አላቸው። ሁሉም ሲበላሽባቸው የሚጠሩት ባለሙያ አለ፤ በየዓመቱም ይከፍሉታል። ያ ሰው በመቶ ዓመት ሕግ ውስጥ ያላገኘነውን ነገር በእጁ ይዟል፤ የተለማማጇን ሰዓት መፈረም ይችላል። ደንበኛው «ተለማማጅ ትወስዳለህ ወይ? አንዲት ካርድ ያላት ጎበዝ ልጅ አለችኝ» ቢለው ቢያንስ ቆሞ ይሰማል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ እያንዳንዳችን አንድ ስም ይዘን እንምጣ፤ የምንሠራበትን ሕንጻ ወይም የምንገበያይበትን ሱቅ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ የሚጠግነውን ተቋራጭ ስም። ካርድ ያላቸውን እኅቶች ዝርዝር ከዚያ ጎን እናስቀምጣለን፤ ማን ለማን እንደሚደውልም በዚያው ቀን እንወስናለን።